ከቁልፉ በፊት ፋይሉን

መኪናዋን የሚሸጥልኝ ሰውዬ መጀመሪያ የሰጠኝ ቁልፉን አልነበረም፣ ፋይሉን ነው። ሪችመንድ ቨርጂኒያ፣ እ.ኤ.አ. 2018 ፌብሯሪ ላይ፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ እኔ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ከሁለት ሰዓት በላይ ተነድቶልኝ የመጣሁት ለመኪናዋ ነውና ዓይኔ ጋራዡ በር ላይ ተተክሏል፣ እሱ ግን ወደ ቤት አስገባኝና ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ጡብ የሚያህል ክላሰር አስቀምጦ እሱን አንብበሽ ስትጨርሺ እናያታለን አለኝ። ቡና ቀዳልኝና ወጣ።

ከፈትኩት። የመጀመሪያው ወረቀት መኪናዋ አዲስ የተሸጠችበት ነው፣ 2003። ከዛ በኋላ ዘይት፣ ዘይት፣ የፍሬን ሸራ፣ ዘይት፣ ራዲያተር፣ የውሃ ፖምፓ፣ ዘይት። እያንዳንዱ ደረሰኝ ጥግ ላይ በእርሳስ ማይሉ ተጽፏል። አንዱ ላይ "ከኋላ በቀኝ በኩል ትንሽ ድምፅ፣ ጠዋት ሲበርድ ብቻ" ይላል፣ ከሶስት ወር በኋላ ያለው ደረሰኝ ላይ ደሞ በዛው እጅ ጽሑፍ "ድምፁ ጠፋ፣ ሾክ አብዞርበሩ ነበር"። እዛ ጋ ስደርስ መኪናዋን ገና ሳላያት ልገዛት ወስኜ ነበር ማለት ይቻላል። ሶስት ወር ሙሉ አንዲት ትንሽ ድምፅ ሲያሳድድ የከረመ ሰው ትልቁን ነገር ዝም ብሎ አያልፍም።

መኪናዋ ቢኤምደብሊው ኤም3 ናት፣ ኢ46 የሚባለው ትውልድ፣ ከ2000 እስከ 2006 ሬገንስበርግ ጀርመን የተመረተው። ለማታውቁት፣ ከሩቅ ስትታይ ተራ ባለሁለት በር ቢኤም ናት፣ ጎማዋ ሰፋ ይላል፣ ኮፈኗ መሃል ላይ ጉብ ያለ ነገር አለ፣ በቃ። ውስጧ ግን ኤስ54 የሚባል 3.2 ሊትር፣ ስድስቱም ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደረበት፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ የአየር በር ያለው ሞተር አለ፣ አሜሪካ የገባው 333 የፈረስ ጉልበት፣ በደቂቃ እስከ 8 ሺህ ዙር የሚወጣ። ለመንገድ ከተሰሩ ሞተሮች መሃል እንዲህ የሚዘምር ብዙ አልሰማሁም። ዛሬ እንደዚህ የሚሰራ ከስንት አንድ ነው፣ አብዛኛው ቱርቦ ሆኗል፣ ኤሌክትሪክ ሆኗል፣ አልቃወምም፣ ግን ይሄኛው ድምፅ ተመልሶ አይመጣም።

ፋይል ማንበብ የተማርኩት ግን በጣም ከፍዬበት ነው። ከዚች በፊት ሌላ ኤም3 ነበረችኝ። ጥቁር፣ የምታብለጨልጭ፣ ያገለገለ መኪና ከሚሸጥ አንድ ቦታ የገዛኋት። ወረቀት አልነበራትም፣ ሻጩም አሮጌ መኪና ወረቀት የለውም አለኝ፣ እኔም አመንኩት፣ ምክንያቱም ቀለሟ አደንዝዞ አስቀርቶኝ ነበር። ባለሙያ ሳላሳይ በቀን ውስጥ ፈርሜ ነዳኋት። አራት ወር ሳይሞላ ፍሪሲዮን ስለቅ ከኋላ ኳ የሚል ድምፅ ጀመራት።

አሌክሳንድሪያ ጋራዥ ያላቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ብቻ ብለን የምንጠራቸው ሰው አሉ፣ አዲስ አበባ በወጣትነታቸው የጣሊያን ጋራዥ ውስጥ እጃቸውን የፈቱ፣ እስካሁን ስፓርክ ፕላግ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም፣ ካንዴላ ነው። ወሰድኩላቸው። ሊፍት ላይ ሰቀሏትና ረጅም ብረት አስገብተው ከኋላ ትንሽ ነቅነቅ አደረጓት። ከዛ ዞር ብለው፦

"ልጄ፣ ማነው የመረጠልሽ?"

"ራሴ ነኝ ጋሼ።"

ዝም አሉ። ባትሪያቸውን ሰጡኝና "ነይ እዪ" አሉኝ። ከቦሎኑ ሥር የተነሳች ፀጉር የምታህል መስመር፣ ወደ ጎን ትሄድና ጫፏ ላይ ሹካ ትሆናለች፣ ዳር ዳሯ ዝገት ይዟል። በላይዋ አዲስ ጥቁር ቀለም ተረጭቶበታል። ጋሼ በጥፍራቸው ፋቅ ሲያደርጉት ቀለሙ ተነሳና ሌላ ሁለት መስመር ወጣ። አንድ ሰው ያንን አይቶታል ማለት ነው። አይቶ ቀለም ቀባው።

ይሄ የኢ46 የታወቀ በሽታ ነው፣ ኤም3 ላይ ደሞ ጉልበቷ ስለሚበዛ ይብሳል። ዲፈረንሻሉንና የኋላ እግሮቹን የሚሸከመው ሰብፍሬም በአራት ቦታ ከመኪናው ወለል ጋር ይታሰራል፣ ያ ወለል ግን ላሜራ ነው፣ ስስ ነው፣ በነጥብ በነጥብ ብየዳ የተያያዘ። ነዳጅ በረገጣችሁ፣ ፍሪሲዮን በለቀቃችሁ ቁጥር ሰብፍሬሙ ወለሉን ይጠመዝዘዋል። ሽቦ ወደዚህም ወደዚያም ስታጥፉት መጨረሻ ላይ ቅንጥስ እንደሚለው ማለት ነው፣ ከ10 እና ከ15 ዓመት በኋላ ብየዳው ይለቃል፣ ላሜራው ይሰነጠቃል። ቶሎ ከተደረሰበት የማጠናከሪያ ሳህን ተበይዶበት ይድናል፣ ከቆየ ወለሉ ተቆርጦ ይወጣል። የኔዋ ቆይታ ነበር። ዋናውን ስራ የሰራልኝ በያጅ የጠየቀኝ ብር ከመኪናዋ ዋጋ ሲሶ በላይ ነው፣ ሻጩ ጋ ስመለስ ደሞ እንዳለች ገዝቻለሁ ብዬ የፈረምኩትን ወረቀት አሳየኝ። ተጠግና ሸጥኳት፣ ለገዛት ልጅ ሁሉንም ነገር ነግሬው፣ የብየዳውን ፎቶ ጭምር ሰጥቼው። ፎቶዎቹን ስሰጠው ፊቱ ላይ የታየው እፎይታ ትዝ ይለኛል።

የነዚህ መኪኖች ነገር ዋጋቸው ነው ሰውን የሚያሳስተው። ይቺ መኪና አዲስ ሆና ከ45 ሺህ ዶላር በላይ ነበረች። እኔ ሁለተኛዋን የገዛኋት በ17 ሺህ 500 ነው፣ 104 ሺህ ማይል ሄዳ። የመኪናዋ ዋጋ ወርዷል፣ የመለዋወጫዋ ዋጋ ግን ከነበረበት አንድ እርምጃ አልወረደም፣ እንደውም እየተወደደ ነው፣ ምክንያቱም ፋብሪካው የሚሰራው እያነሰ ሄደ። የ17 ሺህ መኪና ገዝታችሁ የ45 ሺህ መኪና ነው የምታስተዳድሩት። ብዙ የኛ ልጆች እዚህ ጋ ነው የሚወድቁት፣ በተለይ ስራ የጀመረ ልጅ፣ ያለውን ሁሉ አራግፎ ይገዛና ለመጀመሪያው ብልሽት አምስት ሳንቲም አይተርፈውም፣ ከዛ መኪናዋ ሳር ላይ ቆማ ትቀራለች። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከመግዣው ሌላ ቢያንስ አምስት ሺህ ዶላር ለብቻው ሳታስቀምጡ አትግዙ። ዘንድሮ ካልሞላ ለከርሞ፣ መኪናዋ ከናንተ ቀድማ አታልቅም።

ሪችመንድ ላይ ጋሼ አብረውኝ ነበሩ፣ የነዱልኝም እሳቸው ናቸው። እኔ ፋይሉን ሳነብ እሳቸው ውጪ ከሰውዬው ጋር ገብተው ሥሯን እያዩ ነበር፣ ስወጣ ጀርባቸው ላይ በረዶ ተለጥፎ አገኘኋቸው። ወለሉ ንጹህ ነው፣ ከዓመታት በፊት የማጠናከሪያ ሳህን ተበይዶበታል፣ ደረሰኙም ፋይሉ ውስጥ አለ። ሁለተኛው ጥያቄያችን የቢየላ ኩሽኔታው ነበር። ክራንክ ሻፍቱንና ፒስተኑን የሚይዘውን ቢየላ የሚያገናኘው፣ ክራንኩ ዘይት ላይ ተንሳፍፎ የሚሽከረከርበት ስስ የብረት ቀለበት ማለት ነው። ከ2001 እስከ 2003 በተሰሩት ኤስ54ዎች ላይ ይሄ ኩሽኔታ ያለጊዜው ይበላ ስለነበር ፋብሪካው ራሱ መኪኖቹን ጠርቶ ቀይሯል፣ የዋስትና ጊዜም አራዝሟል። ስለዚህ የ2003 መኪና ሲታይ ተቀይሯል አልተቀየረም ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። የዚች ተቀይሯል። ቢሆንም ጋሼ ከገዛናት በኋላ የመጀመሪያውን ዘይት ሲቀይሩ ትንሽ ጠርሙስ ሞልተው ላብራቶሪ አስላኩኝ፣ ዘይቱ ውስጥ እርሳስና መዳብ ከበዛ ኩሽኔታው እየተበላ ነው ማለት ነው፣ የሰው ደም እንደሚመረመረው። ንጹህ ሆኖ መጣ። ያን ቀን የተኛሁትን እንቅልፍ አልረሳውም።

ማርሿ በእጅ ነው፣ ስድስት። በዛ ዘመን ኤስኤምጂ የሚባል በኮምፒውተርና በሃይድሮሊክ ፍሪሲዮኑን ራሱ የሚረግጥ አማራጭ ነበር፣ ፖምፓው ሲሞት በጣም ያስወጣል፣ እኔ አልመክርም።

ከመጣች በኋላ የመጀመሪያው ትልቅ ስራ ቫኖሱ ነበር። ቫኖስ ማለት ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ካም ሻፍቶች ሞተሩ እየሰራ ወደፊትና ወደኋላ የሚያዞር፣ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ፊት ለፊት የተገጠመ ክፍል ነው፣ በከፍተኛ ግፊት ዘይት ነው የሚሰራው። የዘይት ፖምፓውን የሚያዞሩት ካሙ ላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ናቸው፣ እነሱ ናቸው ጣጣው። ፖምፓው ዲስክ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ከጥርሶቹ ትንሽ ይሰፋሉ፣ ክፍተቱ እየመታ እየመታ ጥርሱን ይሰብረዋል፣ የተሰበረው ቁራጭ ሞተር ውስጥ ይወድቃል። አስቡት፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ብረት ናት ያን ሁሉ ሞተር የምታጠፋው። ሶስት ቅዳሜ ወሰደብን። ስንከፍተው አንደኛው ጥርስ ሥሩ ላይ ስንጥቅ ጀምሮታል፣ ጋሼ አመልካች ጣታቸው ላይ አስቀምጠው ወደ ብርሃን አዞሩትና "ይቺ ክረምቱን አትደርስም ነበር" አሉ። ፋይሉ ውስጥ ያልነበረው ብቸኛ ስራ እሱ ነበር። ቀዳዳው የጠበበ ዲስክ፣ አዲስ ጎማ ቀለበቶች፣ አዲስ ቦሎኖች አስገባን። ያቺ ስንጥቅ ያላት ብረት እስካሁን የቁልፍ ማስቀመጫዬ ውስጥ አለች።

ከዛ የማቀዝቀዣው ነገር አለ፣ እሱ ለሁሉም ኢ46 ነው፣ ተራውም ኤም3ውም። ውሃ የሚጠራቀምበት ጋን ፕላስቲክ ነው፣ የራዲያተሩ አንገት ፕላስቲክ ነው፣ በሙቀትና በብርድ እየደረቀ ይሄድና አንድ ቀን ያለማስጠንቀቂያ ይፈነዳል። ደሞ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የውሃ ሙቀት መርፌ ሹፌሩን እንዳታስጨንቅ ተብላ በሰፊ የሙቀት ልዩነት ውስጥ መሃል ላይ ቀጥ ብላ እንድትቆም ነው የተሰራችው፣ ስትነሳ ካያችኋት ሰዓቱ አልፏል፣ ወዲያው ዳር ይዛችሁ አጥፉ። ቤት አስር ደቂቃ ነው የቀረኝ ብሎ የነዳ ሰው ቴስታታውን አጣሞ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ጋኑ ደህና ቢመስልም እቀይረዋለሁ። ደህና የመሰለ ነገር ለምን ትቀይሪያለሽ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልሱ ያለው ቀበና ነው፣ እኔ ባደግኩበት ግቢ።

አባዬ ቮልስ ነበረው፣ ሰማያዊ ባለ 1300። አስተማሪ ነበር፣ ደሞዙ የታወቀ ነው፣ ግን ያቺ ቮልስ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆማ አላየሁም። ሰፈራችን ውስጥ መኪና የነበራቸው ሰዎች ጋራዥ የሚሄዱት ሲቆምባቸው ነው፣ አባዬ ደብተር ነበረው። በየ5 ሺህ ኪሎሜትሩ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ቁርስ ሳይበላ ጋቢውን ጥሎ ቱታውን ይለብስና ከኋላዋ ይንበረከካል። የቮልስ ሞተር ኋላ ነው አይደል። እኔ ባትሪ ያዥ ነኝ። እንደ ሰንጢ የሚዘረጋ፣ ስስ ስስ የብረት ቅጠሎች ያሉት መለኪያ ነበረው፣ 0.15 ሚሊሜትር የሚለውን ይመርጥና ቫልቩ ጫፍ ላይ ወደ ውስጥ ወደ ውጭ ያደርገዋል። አንድ ቀን እጄን ይዞ ቅጠሉን አስያዘኝ። "ያዝ ለቀቅ ካላደረገሽ ልክ አይደለም" አለኝ። በጣም ከያዘ ጠብቋል፣ ዝም ብሎ ካለፈ ሰፍቷል።

ለምን እንደሚያደርገው ጠየቅኩት፣ ደህና እየሄደች አይደል። የሰፋ ቫልቭ ይጮሃል፣ ትሰሚዋለሽ አለኝ፣ የጠበበው ግን ዝም ይላል፣ ዝም ብሎ ይቃጠላል። እውነት ነው፣ የጠበበ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ሙቀቱን ወደ ቴስታታው ማስተላለፍ አይችልም፣ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ጠርዙ ይቃጠላል። ሞተሩ ደሞ ከመቃጠሉ በፊት ከሁልጊዜውም በላይ ፀጥ ያለ ነው የሚሆነው። እሱን ያወቅኩት ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ሆኜ ነው፣ ጠቀሜታው የገባኝ ግን ያ ቀለም የተቀባ ስንጥቅ ሥር ቆሜ።

የቮልስ ምርት ያበቃው 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ ነው፣ የኔዋ ኤም3 በተሰራችበት ዓመት። ይሄን ሳውቅ ደስ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ በደንብ ማስረዳት አልችልም። አባዬ ቮልሷን የሸጣት እኔ አሜሪካ ስመጣ ለቲኬት ነው።

ከአዲስ አበባ የሚደውሉልኝ የዘመድ ልጆች አሉ፣ ፎቶ ያያሉ፣ አንዷን ላኪልን ይሉኛል። በፊትም ቀላል አልነበረም፣ በኛ አቆጣጠር የ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ የጣለው ቀረጥ ከመኪናው ዋጋ በብዙ እጥፍ ነው፣ በዛው አቆጣጠር ከ2016 ወዲህ ደሞ የነዳጅ መኪና ማስገባቱ ራሱ ተከልክሏል። እዛ ያሉት አሮጌ መርሴዲሶችና ቮልሶች እንግዲህ ባሉበት ነው የሚኖሩት፣ በሶማሌ ተራ መለዋወጫና በሜካኒኮቹ እጅ። ስለዚህ ለልጆቹ የምላቸው፣ ግቢ ውስጥ የቆመች የአያትህ መኪና ካለች እሷን ያዝ ነው። በደብተር ጀምር።

የኔም ደብተር አለኝ አሁን፣ ከሰውዬው ፋይል ቀጥሎ ያለው። በየ5 ሺህ ማይሉ ዘይት፣ አምስት ሊትር ተኩል፣ 10ደብሊው-60 ብቻ፣ ሌላ አላስገባም። ስትነሳ ቆማ አላሞቃትም፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳት። የዙር መቁጠሪያው ላይ ብርቱካናማ መብራቶች አሉ፣ ሞተሩ ብርድ ሲሆን ከ4 ሺህ ጀምሮ ይበራሉ፣ ከዚህ በላይ አትውጪ እንደማለት፣ ዘይቱ እየሞቀ ሲሄድ አንድ በአንድ ወደ ላይ እየጠፉ ይሄዳሉ። ዘይት ሳይሞቅ መርገጥ ነው ኩሽኔታውን የሚበላው። ኤም3 ያላቸው ሰዎች ሲነዱ አይቼ ደረቴን የሚያመኝ እዛ ላይ ነው፣ ከፓርኪንግ ሲወጡ ጀምረው ሲያስጮሁት።

አባዬ እ.ኤ.አ. 2022 ሊጠይቀኝ መጣ፣ 78 ዓመቱ ነበር። የመጣበት ሰሞን ቫልቭ የሚስተካከልበት ጊዜ ደርሶ ነበር፣ በየ30 ሺህ ማይሉ ገደማ ነው፣ እኔም ቀኑን አውቄ አቆየሁት። እነዚህ ዘመናዊ የሚባሉ ሞተሮች አብዛኞቹ ቫልቫቸውን በዘይት ግፊት ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ ኤስ54 ግን በእጅ ነው፣ ልክ እንደ ቮልሷ። ለአባዬ ስነግረው አላመነኝም። "በዚህ ዘመን?" አለ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ጋሼ ጋራዥ፣ መኪናዋ ከማታ ጀምራ እዛ አድራ። የቴስታታውን ክዳን አንስቼ 24ቱን ቫልቮች ሲያያቸው መነጽሩን አስተካክሎ ዝም ብሎ ቆመ። ጋሼ ወንበር አመጡለት፣ አልተቀመጠም። ሞተሩን በእጅ እያዞርኩ እያንዳንዱን ለካሁ፣ የአየር ማስገቢያው ከ0.18 እስከ 0.23፣ የጭስ ማውጫው ከ0.28 እስከ 0.33 ሚሊሜትር። ልክ ላልሆነው፣ ከሥሩ ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ የብረት ሳንቲም አለች፣ እሷን በማግኔት አውጥቶ በሌላ ውፍረት መቀየር ነው። አስራ ምናምነኛው ላይ፣ አምስተኛው ሲሊንደር ጭስ ማውጫ ጋ ስደርስ ቅጠሉ ትንሽ ከበደኝ፣ እርግጠኛ አልሆንኩም። ለአባዬ ሰጠሁት።

እጁ ይንቀጠቀጣል አሁን፣ ከስኳሩ በኋላ ነው የጀመረው። ቅጠሉን ሲይዝ ግን ክንዱን ቴስታታው ላይ አሳረፈና ቀጥ አለ። አስገባ፣ አወጣ፣ ደግሞ አስገባ። ዓይኑን ጨፍኗል።

"ጠብቃለች" አለ። "እዪው፣ አትለቅም።"

ቀየርነው። ድጋሚ ሰጠሁት፣ ያዝ ለቀቅ አደረገችው፣ ራሱን ነቀነቀ። ከሰዓት በኋላ ክዳኑን መልሰን ዘግተን አስነሳናት። ጋሼ ይሂድ፣ ይስማት አሉ፣ አባዬን ከፊት አስቀምጬ ወደ ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ወጣሁ፣ ወንዙን ይዞ ወደ ማውንት ቨርነን የሚሄደው። ፍጥነት የሚነዳበት መንገድ አይደለም፣ ቀስ ብለን፣ መስኮቱን ከፍተን። መብራቶቹ ምን እንደሆኑ ነገርኩት። ከዛ በኋላ ወንዙን አላየም፣ ዛፉንም አላየም፣ አንገቱን ወደኔ ሰገግ አድርጎ ዙር መቁጠሪያውን ብቻ ነው የሚያየው። አንዷ ጠፋች። ቆይታ ሌላዋ። የመጨረሻዋ እስክትጠፋ አንድ ቃል አልተናገረም።

"አሁን ሂጂ" አለኝ።